በምልክት ቋንቋ ለሚያገለግል ሚስዮናዊ፦ ከንጋት እስከ ማታ የሚሆን መመሪያ

የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን፣ ብዙ ሰው ሞርሞን የሚላት፣ ወጣቶቿን ለሚስዮን ስትጠራ የሚያገለግሉበትን ቋንቋም አብራ ትነግራቸዋለች። የእናንተ ጥሪ «የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ» ብሎ ከመጣ፣ የምትገቡበት የዕለት ሥርዓት እንደ ማንኛውም ሚስዮናዊ ሥርዓት ነው። ችግሩ ሥርዓቱ በጆሮ ለሚኖር ሰው የተቀመረ መሆኑ ነው። በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ዓይን ጨፍኖ መጸለይ፣ መኪና እየነዱ መጨዋወት፣ ሁሉም መስማት ከተሳነው ሰው ጋር ሲሆን እንደገና መታሰብ አለበት።

ይህ መመሪያ በተለይ አሜሪካ ውስጥ አማርኛ በሚነገርበት ቤት ላደጋችሁ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ብቻ ሳትሆን፣ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተቋቋመው የጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ መገኛ በመሆኗ ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚኖሩባትም ከተማ ናት። ሁለቱ ማኅበረሰቦች በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ከቤት ይዛችሁት የወጣችሁት ጨዋነት አንዳንዱ ይጠቅማችኋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያሳስታችኋል፤ ሁለቱንም በየቦታው እናነሳለን።

በየደረጃው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ ሰው ማየት ያለበትን አሁን ያያል?» መልሱ «አያይም» ከሆነ፣ ሌላውን ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

1. ጠዋት፦ እጅና ዓይን ማሰናዳት

የሚስዮናዊ ቀን እንደተለመደው በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 6፡30 ይጀምራል፤ እንደ አካባቢው ሁኔታ የሚስዮኑ ኃላፊ ሊያሻሽለው ይችላል። ከተነሣችሁ በኋላ ላለው የስፖርት ሰዓት የእጅ አንጓ፣ የጣትና የትከሻ ማፍታቻ ጨምሩ። ቀኑን ሙሉ በእጅ መናገር ጅማት ያደክማል፣ የሰው እጅ ማንበብ ደግሞ ዓይንን። ሙያተኛ አስተርጓሚዎች እንኳ ረጅም ስብሰባ ላይ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው የሚቀያየሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የእጅ አንጓ ሕመም ከጀመራችሁ ቶሎ ተናገሩ፤ ችላ ያሉት ሕመም ይጸናል።

ቀጥሎ ጥናት ነው። የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እየበተኑ በየቃሉ ምልክት መስጠት አዲስ ሚስዮናዊ ሁሉ የሚሠራው ስሕተት ነው። ሰዋስው በፊት ላይም አለ፦ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ ቅንድብ ተነሥቶ ይጠየቃል፤ «ማን፣ ምን፣ የት» የሚሉት ደግሞ ቅንድብ ዝቅ ብሎ። እዚህ ላይ የሐበሻ ልጅ ይጠንቀቅ። እኛ ዘንድ ቅንድብ ከፍ ማድረግ «አዎ» ማለት ነው። ተጠይቃችሁ እንደ ቤታችሁ ቅንድባችሁን ብታነሡ፣ የጠየቃችሁ ሰው መልስ ያገኘ ሳይሆን እናንተም መልሳችሁ የጠየቃችሁት ሊመስለው ይችላል።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ጥቂት ነው፦ የስልክ ማቆሚያ፣ ከፊት የሚመጣ ብርሃን፣ ባዶ ግድግዳ። አንድ ሐሳብ በአጭሩ እየተናገራችሁ ራሳችሁን ቅረጹና ፊታችሁን ጭምር ተመልከቱ። መጽሐፈ ሞርሞን በምልክት ቋንቋ ተቀርጾ በቤተክርስቲያኒቱ መተግበሪያ ላይ ስለሚገኝ፣ የምታስተምሩትን ክፍል አስቀድማችሁ ከዚያ ተመልከቱ። ጥንድ ሆናችሁ ከምታገለግሉት ባልደረባችሁ ጋር ድምፅ ሳታወጡ የምታሳልፉት ሰዓት መድቡ። ብቻ ሁለት ሰሚዎች እርስ በርስ ሲተራረሙ የራሳቸውን ቋንቋ ይፈጥራሉና፣ መስማት የተሳነው አስተማሪ በየጊዜው እንዲያርማችሁ ለምኑ።

የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ የምታውቁ ካላችሁ እጃችሁና ዓይናችሁ ስለለመዱ ፈጥናችሁ ትማራላችሁ። ይሁን እንጂ ቋንቋዎቹ የተለያዩ ናቸው። የእኛ የጣት ፊደል ተነባቢውን በእጅ ቅርጽ፣ አናባቢውን በእንቅስቃሴ ያሳያል፤ የአሜሪካው 26 የእንግሊዝኛ ፊደላትን ብቻ ይዟል። በአንዱ የምታውቁት ምልክት በሌላው ያው ነው ብላችሁ ሳታጣሩ አትጠቀሙበት።

2. አለባበስ፦ እጃችሁ የሚታይበት ጀርባ

ሸሚዛችሁና ከረባታችሁ ከእጃችሁ በስተጀርባ ያለ ሰሌዳ ነው። ዝንጉርጉር ከረባት፣ ባለመስመር ሸሚዝ፣ የሚያብረቀርቅ ጌጥ የሚያነብባችሁን ሰው ዓይን ያደክማሉ። ጠይም እጅ በነጭ ወይም በፈዛዛ ሰማያዊ ሸሚዝ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ነጣ ያለ እጅ ያለው ባልደረባ ጠቆር ያለ ሹራብ ወይም ኮት ቢደርብ ይሻለዋል። ሴት ሚስዮናውያን አምባርና ትልልቅ ቀለበት ይተዉ፤ ደማቅ የጥፍር ቀለምም እንዲሁ። ጺም ወይም ፀጉር አፍን መጋረድ የለበትም፤ የከንፈር እንቅስቃሴም የመልእክቱ ክፍል ነው። በከንፈር ብቻ ግን ሁሉንም ያነባል ብላችሁ አትታለሉ፤ ብዙ ድምፆች ከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው።

3. ሰው ማግኘት፦ ማኅበረሰቡ ባለበት ቦታ

ተራ ሚስዮናዊ አንድ ሰፈር ተሰጥቶት በየበሩ ሊዞር ይችላል። የእናንተ ሰዎች ግን በሰፊ ከተማ ተበታትነው ስለሚኖሩ በዚህ መንገድ ብዙ አታገኙም። የሚሻለው በሚሰበሰቡበት ቦታ ደጋግሞ መገኘት ነው፦ የምልክት ቋንቋ ተናጋሪዎች የሚገናኙባቸው የቡና ምሽቶች፣ የስፖርት ውድድሮች፣ ማኅበራቱ የሚያዘጋጇቸው በዓላት። ቡና እንደማትጠጡ የታወቀ ነው፤ ትኩስ ቸኮላት አዝዛችሁ ተቀመጡ፣ ሃይማኖታዊ ምክንያቱን ሳትጠየቁ አታብራሩ።

እዚህ ሦስት ሕጎች ያዙ። አንደኛ፣ ማንነታችሁን ከመነሻው ንገሩ። የደረት ስም ሰሌዳችሁን አውልቃችሁ «ቋንቋ ልንለማመድ ነው የመጣነው» ማለት ማታለል ነው፤ ማኅበረሰቡ ጠባብ ስለሆነ ወሬው ወደሚቀጥለው ቤት ቀድሟችሁ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ የቡና ምሽቱን መድረክ አታድርጉት። የጠየቃችሁ ካለ ቀጠሮ ያዙና ሌላ ቀን ተገናኙ። ሦስተኛ፣ ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ አታነጋግሩ፤ ትምህርት ቤትና ካምፓስም ያለ ፈቃድ አትግቡ።

ስትተዋወቁ ሰዎቹ «የት ተማርክ? ማን አስተማረሽ?» ይሏችኋል። በመካከላቸው ትምህርት ቤት እንደ አገር ቤት ነው፤ ጥያቄው ዝምድና መፈለጊያ እንጂ ምርመራ አይደለም። የምልክት ስም ለራሳችሁ አታውጡ። ስታውቋቸውና ሲያውቋችሁ እነሱ ያወጡላችኋል፤ እስከዚያ ስማችሁን በጣት ፊደል ጻፉ።

4. ቀጠሮ፦ በጽሑፍና በቪዲዮ

ቀጠሮ በአጭር መልእክት ይያዛል፣ በቪዲዮ ይጸናል። እንግሊዝኛ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ መልእክታችሁ አጭርና ግልጽ ይሁን፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የምትመጡት ሁለት ሰዎች ስም። ነገሩ ረዘም ካለ በምልክት ቋንቋ ቀርጻችሁ ላኩ፤ ስልኩን አቁሙት፣ ከወገባችሁ በላይ ይታይ፣ መስኮት ከኋላችሁ አይሁን።

ምልክት ቋንቋ የማይችል ሰው፣ ለምሳሌ የአጥቢያው ኃላፊ፣ መደወል ከፈለገ የቪዲዮ ቅብብል አገልግሎት አለ። ሰሚው የሰውየውን ቁጥር እንደማንኛውም ስልክ ይደውላል፤ በመካከል አስተርጓሚ ገብቶ ለአንዱ በድምፅ፣ ለሌላው በምልክት ያደርሳል። አገልግሎቱ በፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ሥር በሚተዳደር ገንዘብ ስለሚሠራ ተጠቃሚው አይከፍልም። ደዋዩ «እንዲህ በለው» እያለ ከአስተርጓሚው ጋር እንዳያወራ አስቀድማችሁ ምከሩት፤ ለሰውየው በቀጥታ ይናገር። እናንተ ግን ምልክት ስለምትችሉ ያለ አማላጅ በቪዲዮ ተገናኙ። አውቶቡስ ውስጥ ሆናችሁ የሰውን ገመና አታውሩ፤ ምልክት የሚያውቅ ሁሉ ከሩቅ ያነብባል።

5. መንገድ፦ የሚነዳው አይናገርም

መኪና የሚነዳው ባልደረባ ምልክት አይስጥ፣ ምልክትም አያንብብ። አስቸኳይ ነገር ካለ መኪናውን ዳር ያዙ። መስማት የተሳነው ሰው አብሯችሁ ሲሄድ፣ የማይነዳው ባልደረባ እሱን ማየት በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። ማታ በር ላይ ወይም መኪና ማቆሚያ ስትሰነባበቱ ብርሃን ያለበት ቦታ ቁሙ። ስንብቱ ይረዝማል፤ «ደኅና እደሩ» ተብሎ ሌላ ጨዋታ ይጀመራል። ወደ ቤት የምትገቡበት ሰዓት ስላላችሁ ጉብኝቱን ቀደም አድርጋችሁ መጨረስ ጀምሩ። አቋርጦ ብድግ ማለት ያስቀይማል።

6. በርና ሳሎን

ደወሉን ተጫኑ። በብዙ ቤት ደወሉ ከመብራት ጋር ተያይዟል፤ ሲጫኑት ሳሎን ውስጥ መብራት ብልጭ ይላል። በር መደብደብ የሚረብሸው ጎረቤትን ብቻ ነው። ምላሽ ከሌለ መልእክት ላኩና ጠብቁ፤ በመስኮት አታጮልቁ። ከበሩ አንድ እርምጃ ራቅ ብላችሁ የሁለታችሁም ፊት በሚታይበት ሁኔታ ቁሙ።

ስትገቡ ያገኛችሁት ወንበር ላይ አትቀመጡ። «የት ብንቀመጥ ይሻላል?» በሉ። መስኮት ከኋላችሁ ከሆነ የቤቱ ባለቤት የሚያየው ጥቁር ጥላ ነው፤ ቅንድባችሁም ከንፈራችሁም ይጠፋሉ። መጋረጃውን እንዲዘጉ ወይም ቦታ እንድትቀያየሩ ጠይቁ፤ ማንም አይቀየማችሁም፣ እንዲያውም ያውቃሉ ትባላላችሁ። ሁለታችሁ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ባለቤቱ በሁለት አቅጣጫ አንገቱን እንዳያዞር። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የአበባ ማስቀመጫ ወደ ዳር አድርጉ። አንዱ ሲናገር ሌላው እሱን ይመልከት፤ ማስታወሻ መጻፍም ሆነ ስልክ ማየት ፊት ማዞር ነው።

ከአገር ቤት የመጣው ጨዋነት ሁለት ቦታ ላይ ያደናቅፋችኋል። ታላቅን ሲያነጋግሩ ዓይን መስበር አክብሮት ነው ተብላችሁ አድጋችኋል፤ እዚህ ዓይን መስበር ጆሮ መድፈን ነው። በሰው ላይ ጣት መቀሰር ነውር ነው ተብላችኋል፤ በምልክት ቋንቋ ግን «እሱ» እና «እሷ» የሚባለው በመጠቆም ነው። ሁለቱንም ሳትሳቀቁ ልመዱ።

ለመጥራት ትከሻ በእርጋታ መንካት፣ እጅ ማወዛወዝ፣ ጠረጴዛ መታ ማድረግ፣ መብራት ብልጭ ማድረግ ይቻላል። ሁለት ሰዎች በምልክት ሲያወሩ በመካከላቸው ማለፍ ካለባችሁ ፈጠን ብላችሁ እለፉ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ቆም ካላችሁ የበለጠ ትጋርዳላችሁ። መስማት በተሳነው ሰው ፊት ከባልደረባችሁ ጋር በድምፅ አታውሩ። ማድረግ ግድ ከሆነ ምን እንደተባለ ወዲያው ንገሩት።

7. ትምህርትና ጸሎት

አንድ ጉብኝት አንድ ሐሳብ ይበቃዋል። «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የራስ መነቅነቅ «እየተከታተልኩ ነው» ማለት ሊሆን ይችላልና ሰውየው የገባውን በራሱ አነጋገር እንዲነግራችሁ ጋብዙ። እናንተም ካልገባችሁ በጨዋነት አትነቅንቁ፤ «ይድገሙልኝ» በሉ። ሳይገባው «እሺ» የሚል እንግዳ አመኔታ ያጣል። የእንግሊዝኛ በራሪ ጽሑፍ ሰጥቶ መውጣትም ማስተማር አይደለም።

ስለ ፈውስ በማንሣት አትጀምሩ። በየቤተ እምነቱ «ጆሮህ ይከፈታል» እየተባለ እጅ የተጫነበት ሰው ብዙ ነው። ቋንቋውንና ወገኑን የሚወድ ሰው እንደ ጎዶሎ መቆጠሩ ያስመርረዋል። ስለ ጤናው ጸሎት የጠየቃችሁ እንደሆነ ጸልዩ፤ ካልጠየቀ ርእሱ እሱ አይደለም።

ጸሎት ዓይን ተከፍቶ ይደረጋል። ከልጅነት የለመዳችሁት ዓይን መጨፈንና አንገት መድፋት እዚህ ጸሎቱን ያሳጣችኋል። ክብ ሥሩ፤ የሚጸልየው ለሁሉም በሚታይበት ቦታ ይሁን፤ መብራት አትቀንሱ፤ እጅ ለእጅ አትያያዙ፣ «አሜን» የሚባለው በእጅ ነውና። ማን እንደሚጸልይ ሳትጀምሩ ተስማሙ፤ የቤቱ ባለቤት መራጩ ይሁን።

ማዕድ ከቀረበላችሁ ደግሞ ጨዋታውና ምግቡ በየተራ ይሁኑ። ማንኪያ የያዘ ሰው በአንድ እጅ ሊመልስ ይችላል፤ እንጀራ ጠቅልሎ ወጥ የነካውን ሰው ግን ጎርሶ እጁን እስኪጠርግ ጠብቁት።

8. ሰሚ ቤተሰብ ያለበት ቤት

መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ10 ዘጠኙ ገደማ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። የሐበሻ ቤት ሲሆን ነገሩ ሦስት ቋንቋ ይሆናል፦ እናትና አባት አማርኛ፣ እኅትና ወንድም እንግሊዝኛ፣ ልጁ ምልክት። እናንተ ሦስቱንም ስለምትችሉ እናትየዋ ቡና እያፈላች ከእናንተ ጋር መጫወት ትጀምራለች፣ ልጁ ደግሞ ጥግ ላይ ስልኩን ያያል። ጉብኝታችሁ የእሱ ከሆነ ይህን አትፍቀዱ። «እማማ፣ እሱም ይሳተፍ» ብላችሁ የተባለውን ለልጁ አድርሱ፣ የእሱንም መልስ በአማርኛ መልሱ። ቡናውን «ቤተክርስቲያናችን አትፈቅድልንም፣ እጅዎ ይባረክ» ብላችሁ በአክብሮት ተዉ፤ ቁርሱን ግን ብሉ።

የዕለት ድልድይ ከመሆን ግን ራሳችሁን ጠብቁ። ስለ ልጁ ውጤት፣ ስለ ቁጣና ስለ ቅጣት በእናንተ እጅ ከተነጋገሩ፣ እናንተ ስትዛወሩ ቤቱ ዝም ይላል። የሚበጀው ወላጆቹ ራሳቸው ምልክት እንዲማሩ ማበረታታት ነው፤ የጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚሰጠው የመግቢያ ትምህርት ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

9. ድንበር፦ ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት አታስተርጉሙ

«ነገ ሐኪም ጋ አብራችሁኝ ብትመጡ» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አብራችሁ ሂዱ፣ አታስተርጉሙ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሐኪም ቤቶች ለታካሚው አስተርጓሚ ወይም ሌላ ብቁ የመግባቢያ መንገድ በራሳቸው ወጪ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል፤ ለዚህ ሥራ አብሮ በመጣ ሰው ላይ መተማመን የሚፈቀደው በአስቸኳይ አደጋ ጊዜ ወይም ታካሚው ራሱ ሲጠይቅና ሁኔታው ሲፈቅድ ነው። የመድኃኒት መጠን ላይ አንዲት ምልክት ብትሳሳቱ ሰው ትጎዳላችሁ። የሰውየውን የጤና ምሥጢር ካወቃችሁ በኋላም እሑድ ፊቱን ማየት ለእሱ ይከብደዋል። ፍርድ ቤት፣ ፖሊስና የጠበቃ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የእናንተ እርዳታ ቀጠሮው ሲያዝ አስተርጓሚ እንዲጠየቅ ማስታወስ ነው።

10. እሑድና የጥምቀት ቀን

የሃይማኖት ተቋማት ከአካል ጉዳተኞች ሕጉ ነፃ ስለሆኑ ቤተክርስቲያን ውስጥ ማንም አስገዳጅ የለም፤ ዝግጅቱ በእናንተና በአጥቢያው ላይ ይወድቃል። በምልክት ቋንቋ የሚያመልኩ አጥቢያዎች በአንዳንድ ከተሞች አሉ። ከሌለ አስተርጓሚው ከተናጋሪው አጠገብ ይቁም፣ ብርሃን ከፊቱ ይምጣለት፣ የፊት ረድፍ ይያዝ። መዝሙሮቹንና የንግግሩን ጽሑፍ ቀደም ብላችሁ ለአስተርጓሚው አድርሱ፤ ያላነበቡትን መዝሙር በቦታው መተርጎም ከባድ ነው። ከስብሰባው በኋላ እንግዳውን ብቻውን አትተዉት፤ ብቸኝነት የሚበረታው በመተላለፊያው ጫጫታ መካከል ነው።

ጥምቀት ሲኖር የመስሚያ መሣሪያ ወይም ጆሮ ውስጥ የሚተከለው የኮክሌር መሣሪያ ውጫዊ ክፍል ውኃ ውስጥ ከመግባት በፊት ይወልቃል። ጥቂት ይሰማ የነበረ ሰው በዚያች ሰዓት ምንም ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ በዋዜማው በደረቁ ተለማመዱ፦ መቼ እንደሚጀመር፣ መቼ ትንፋሽ እንደሚያዝ፣ በምን ንክኪ እንደሚታወቅ። መሣሪያውን የሚይዝ ሰውና ደረቅ መያዣ አዘጋጁ። የሚተረጉመው ሰው ተጠማቂው ከውኃው ውስጥ ሆኖ በቀጥታ በሚያየው ቦታ ይቁም።

11. ማታ፦ ዕቅድና ርክክብ

በፈረንጅ ሰዓት ማታ 10፡30 መብራት ከመጥፋቱ በፊት የነገን ዕቅድ ያዙ። ከእያንዳንዱ ጉብኝት ያልገባችሁን አንድ ምልክት ጻፉና በማግሥቱ ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ያለበትን ሁኔታ መዝግቡ፦ በጽሑፍ ነው በቪዲዮ መገናኘት የሚወደው? ደወሉ መብራት አለው? የትኛው ወንበር ይመቸዋል? ማየትም የተሳነው ከሆነ በእጅ ንክኪ ነው የሚያወራው? ይህን የምትጽፉት በፈቃዱ ይሁን፤ ሕመሙን፣ ኑሮውንና የቤተሰቡን ጣጣ አታስገቡ።

የሚስዮናውያን ዝውውር በየስድስት ሳምንቱ ሊመጣ ስለሚችል ማስታወሻው ለተተኪያችሁ ይሆናል። ስትዛወሩ በጽሑፍ ብቻ አትሰናበቱ፤ አዲሱን ባልደረባ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባይቻል በቪዲዮ አስተዋውቁ። ከዚያ ዞር በሉና የቤቱ ባለቤት ራሱ ለአዲሱ ሰው ይንገረው፦ በምን ፍጥነት እንዲያወራው፣ የት እንዲቀመጥ፣ ምን ቀን እንዲመጣ። አዲሱ ሚስዮናዊ ሥራውን የሚጀምረው ይህን ከባለቤቱ እጅ አንብቦ ነው።